ታሪኩን ማወቅ ብቻውን ማርክ አያመጣም፦ ስለ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ በካምብሪጅ (የእንግሊዝ አገር የፈተና ድርጅት ነው) ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። የሁለቱንም ቤት ጓዳ ስለማውቀው ነው መሰለኝ ሰው በየጊዜው ይጠይቀኛል። «ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ» ብዬ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ከየአቅጣጫው መጣልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ከሸዋ ሮቢት፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ ቲቸር፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚባል ትምህርት እኛ ጋ አለ እንዴ? የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ለብቻው ይማረዋል።

ለብቻው የለም። በእኛ ሥርዓተ ትምህርት እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ነው። ግጥምም ሆነ አጭር ታሪክ ሲመጣ ከንባቡ፣ ከሰዋስውና ከጽሕፈቱ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ለሥነ ጽሑፍ የተለየ ወረቀት የለም።

የአጎትህ ልጅ የሚማረው አይጂሲኤስኢ የሚባለውን የካምብሪጅ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ከሆነ፣ እዚያ ቋንቋው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ሥነ ጽሑፉም ራሱን የቻለ። የሥነ ጽሑፉ መለያ ቁጥር 0475 ነው። ግጥም፣ ልብ ወለድና ተውኔት ይማራሉ። የሚፈተኑባቸው መጻሕፍት ቀድመው ተለይተው ይታወቃሉ፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ይለወጣል።

ከደብረ ሲና፣ ወላጅ፦ መምህር፣ ልጄን ካምብሪጅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለማስገባት እያሰብኩ ነው። ፈተናው እንዴት እንደሚከፋፈል ቢያስረዱኝ?

እሺ ጋሼ። ፔፐር 1 የግጥምና የልብ ወለድ ነው፤ ሁሉም ይወስደዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ከ50 ይታረማል፣ የጠቅላላ ውጤቱም ግማሽ ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ከግጥም፣ አንዱ ከልብ ወለድ፣ እያንዳንዱ ከ25። ሁለት ጥያቄ ሲባል ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ለእያንዳንዱ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጅ ሳያርፍ ይጻፋል።

ቀሪውን ግማሽ ትምህርት ቤቱ ይመርጣል። አንደኛው መንገድ ፔፐር 2 ነው፦ ተውኔት ብቻ፣ መጽሐፍ ሳይያዝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሌላው መንገድ ፔፐር 3ና 4 ነው። በፔፐር 3 ልጁ የተውኔቱን መጽሐፍ ይዞ ገብቶ አንድ ጥያቄ በ45 ደቂቃ ይሠራል። በፔፐር 4 ደግሞ ከዚያ በፊት ዓይቶት የማያውቀው ግጥም ወይም የስድ ንባብ ቅንጭብ ይሰጠውና በአንድ ሰዓት ከሩብ ይጽፍበታል። ትምህርት ቤቱን ሲጠይቁ «የትኛውን መንገድ ነው የምታስፈትኑት?» ይበሉ። በቀጥታ ካልመለሱልዎት ጠርጥሩ።

ከጫጫ፣ ተማሪ፦ በእንግሊዝ አገር ያሉትም የሚፈተኑት ይህንኑ ነው?

ዘመድ እንጂ ያው አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጂሲኤስኢ የሚባለው አለ። እዚያ ከሼክስፒር አንድ ተውኔት፣ አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ፣ የግጥም ስብስብና ከ1914 ወዲህ የተጻፈ የብሪታንያ ደሴቶች ልብ ወለድ ወይም ተውኔት ግዴታ ነው። ያላነበቡት ግጥምም ይመጣባቸዋል። መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ውጤቱም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊደል መሆኑ ቀርቶ ከ9 እስከ 1 በቁጥር ነው፤ 9 ትልቁ።

ከሞላሌ፣ እናት፦ ልጄ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሆና ነው የምትማር። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ትተርክልኛለች፣ የማንም ስም አይጠፋትም። ውጤቷ ግን ከ25 ዘጠኝ ነው። እንዴት ይህ ይሆናል?

እማማ፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው የእርስዎ ነው፤ ትንሽ ላርዝም።

የካምብሪጅ ፈታኞች የሚያዩት አራት ነገር ነው፣ አራቱም እኩል ሩብ ሩብ ይይዛሉ። አንደኛ፣ መጽሐፉን ማወቅና ከራሱ እየጠቀሱ መናገር። ሁለተኛ፣ ከላይ ከሚታየው ወደ ውስጥ ዘልቆ መረዳት። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው በቃላት ምርጫው፣ በአረፍተ ነገሩ አወራረድ፣ በአቀማመጡ ምን እንደሠራ ማየት። አራተኛ፣ የራስ የሆነ፣ የታሰበበት ስሜትና አስተያየት። ልጅዎ ታሪኩን ስትተርክ የምታሟላው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም በከፊል።

በምሳሌ ላሳይዎት። ይህችን ቁራጭ እኔው ለክፍል ብዬ የጻፍኳት ናት፦

«ልጁ ከፈተናው ተመልሶ ገባ። እናቱ ቀና ብላ አላየችውም። አክንባሎውን አነሳች፣ መልሳ ደፋች፣ ደግሞ አነሳች። ‹ብላ› አለችው፤ እንጀራው ገና ዓይን አላወጣም።»

አንዱ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «ልጁ ወደ ቤት መጣ። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ነበር። እንዲበላ ነገረችው።» ይህ ትረካ ነው። አንድም ስህተት የለበትም፣ ማርክም የለበትም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው፦ «እናቱ ተጨንቃለች፤ ምክንያቱም ቀና ብላ አላየችውም።» ይህ ተሻለ፤ ስሜቱን አገኘው፣ ማስረጃም ጠቀሰ። ግን እዚያው ቆመ።

ሦስተኛው፦ «እናቱ አክንባሎውን ታነሳለች፣ ትደፋለች፣ ደግሞ ታነሳለች። ጋግራ የምታውቅ ሴት እንጀራው ሳይደርስ እንዲህ አታደርግም፤ ስለዚህ እጇ የሚነግረን አፏ ያልተናገረውን ነው። ጸሐፊው ‹ደነገጠች› አላለም፤ ሦስት አጫጭር ግሦችን ደረደረና ድንጋጤውን እኛው እንድናየው ተወው። ‹ብላ› የምትለው ቃል ብቻዋን ቆማለች፤ ገና ላልደረሰ እንጀራ መባሏ ዝምታውን ለመሙላት የመጣች ያስመስላታል። ትእዛዝም ናት፣ ፍቅርም ልትሆን ትችላለች፤ የትኛው እንደሆነ እናትየዋም የወሰነች አይመስለኝም።»

ያው አራት መስመር ነው ያነበቡት። ሦስተኛው ግን ጸሐፊው ምን አደረገ፣ ለምን አደረገ፣ እኔን ምን አሰኘኝ አለ። እዚያ የሚሰጠው ማርክ በነጥብ ነጥብ አይቆጠርም፤ መላው መልስ ተነቦ በደረጃ ይመደባል። ከላይኛው ደረጃ የሚገቡት ከ23 እስከ 25 ያገኛሉ። ዘጠኝ ያለችው ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፤ ሥራዋ ከትረካ አልወጣም እንጂ። ስትደውልልዎት «ከዚያስ ምን ሆነ?» ማለቱን ይተዉና «ለምን እንዲህ ብሎ ጻፈው?» ይበሏት። እርስዎ እንግሊዝኛውን ማወቅ አይጠበቅብዎትም።

ከሰላ ድንጋይ፣ ተማሪ፦ ስፔሊንግና ግራመር ስህተት ስንት ይቀንሳል?

በካምብሪጁ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ማርክ የለውም፤ ሐሳብህ ከተነበበ ይበቃል። በእንግሊዙ ጂሲኤስኢ 5 በመቶ ይይዛል። እኛ አገር መምህራን ድርሰት ስናርም ቀይ እስክርቢቶውን ስፔሊንግ ላይ እንጨርሰዋለን። የልጁ ደብተር ደም በደም ይሆናል፤ ሐሳቡ ላይ ግን አንድ ቃል አልተጻፈም።

ከመርሐቤቴ፣ የእንግሊዝኛ መምህር፦ ወንድሜ፣ የምትለው ሁሉ መልካም ነው። እኔ ጋ ክፍሉ እስከ በር ሞልቷል፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው፣ ፎቶ ኮፒ የለም። በምን ላስተምር?

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አገር ሰው ሆነህ ስለ ሥነ ጽሑፍ ስትጠይቅ ደስ ይላል። ችግርህ የእኔም ነው፤ እንዲህ ነው የምሠራው።

ረጅም ነገር አላስነብብም። ስድስት ወይም ስምንት መስመር መርጬ ተማሪዎቹ ሳይገቡ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ ምንም አላብራራም። ይህ ዝም ማለት ከሁሉም ይከብዳል፤ ልማዳችን ቃል በቃል በአማርኛ መተርጎም ነው፣ ተማሪውም ትርጉሙን ገልብጦ ደብተሩን ይዘጋል። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ቃል ያሰምርና «ይህ ቃል ተነስቶ ሌላ ቢገባ ምን ይጎድላል?» የሚለውን በሁለት አረፍተ ነገር ይጽፋል። እንግሊዝኛው ካልመጣለት በአማርኛ ያስብ፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን። ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ሁለቱ አንድ ቃል አስምረው የተለያየ ምክንያት ከጻፉ የክፍሉ ጊዜ በዚያ ይሞላል፣ እኔም አልቸገርም።

ደብተር ሁሉንም አልሰበስብም። በየሳምንቱ አንድ ረድፍ፣ በዙር። ረድፉን ግን ቀድሜ አልናገርም።

የቡድን ሥራን በተመለከተ፣ አንዷ ሠርታ አምስቱ ስም የሚያጽፉበትን አሠራር እኔ ትቼዋለሁ። ለተከታታይ ምዘና የምይዘው በክፍል ውስጥ፣ በፊቴ፣ በግል የተጻፈውን አጭር ጽሑፍ ነው።

ከእነዋሪ፣ መምህርት፦ ድርሰት ሳርም የጠዋቱና የማታው ማርኬ ይለያያል። እናንተ ጋ ይህን እንዴት ትቆጣጠሩት ነበር?

የሁሉም በሽታ ነው እህቴ። እኛ እንዲህ እናደርግ ነበር፦ እርማት ሳይጀመር ከየክፍሉ ጥቂት ወረቀት ይወጣል፣ ስሙ ይሸፈናል፣ ሁለት መምህራን ሳይነጋገሩ ያርሙታል። ከዚያ ቁጭ ብለው ልዩነታቸውን ይነጋገራሉ። አንዱ 18 ሌላው 12 ከሰጡ መስፈርቱን የተረዱት ለየቅል ነው ማለት ነው። የተስማሙባቸው ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡና ሌላው ሁሉ ከእነሱ ጋር እየተነጻጸረ ይታረማል። ወጪ የለውም። ዲፓርትመንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጣችሁ ይበቃል፤ ስብሰባ ከምትሰበሰቡበት ያንን ጊዜ ጠይቁ።

ከአንኮበር፦ ቅኔ ቤት ቆይቼ ነው ወደ ዘመናዊው የገባሁት። ሰምና ወርቅ መለየት ለእንግሊዝኛ ግጥም ይረዳኛል?

እጅግ። አንዲትን ቃል ይዞ መቆየት፣ ማገላበጥ፣ ከሥሯ ሌላ መፈለግ አንተ ያደግክበት ነው፤ ክፍል ውስጥ ያሉት ገና ሊለምዱት ይታገላሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ወርቁን ካገኘህ በኋላ ነገሩ ያለቀ አይምሰልህ። እዚህ ሁለት ተማሪ ሁለት የተለያየ ነገር ጽፈው ሁለቱም ከፍተኛ ማርክ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ማስረጃቸው ከግጥሙ ከሆነ። ፈታኙ የሚፈልገው የተደበቀውን ወርቅ እንድትነግረው ሳይሆን፣ ከየትኛው መስመር ተነስተህ እዚያ እንደደረስክ እንድታሳየው ነው። መምህርህ «ትክክለኛው ፍቺ ይህ ነው» ቢልህም በአክብሮት «ከየትኛው መስመር?» ብለህ ጠይቅ።

ከመሐል ሜዳ፣ ተማሪ፦ ኦቴሎን በአማርኛ አንብቤ በእንግሊዝኛ ብፈተንስ? ወይም ፊልሙን ባየውስ?

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ማንበብ ይጠቅምሃል፤ ማን ማንን እንደሚያታልል ከገባህ እንግሊዝኛው አያስፈራህም። ማርክ የሚመጣው ግን ሼክስፒር ከመረጠው ቃል ነው፤ የጸጋዬ ቃል የጸጋዬ ነው። ፊልም ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አድርግ፤ ዳይሬክተሩ የጨመረውን ትዕይንት ከተውኔቱ እንደመጣ አድርገው የሚጽፉ ልጆች አጋጥመውኛል።

ስሙን ያልጻፈ፦ ቴሌግራም ላይ ያለውን ሾርት ኖት ሸምድጄ ብገባስ?

ታሪኩን ለመከለስ ይሁንልህ። ሌላው ግን የሰው አስተያየት ነው። አራተኛው መስፈርት የራስህን ይጠይቃል፤ አራሚው ደግሞ ያንኑ አንቀጽ ከሌሎች ልጆችም ስላነበበው ያውቀዋል።

ከደብረ ብርሃን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ቲቸር እኔ እንኳን የካምብሪጅ አይደለሁም፣ ማትሪክ ነው ያለብኝ። ጊዜዬ አጭር ነው፤ ልብ ወለድ ላንብብ ወይስ ቾይዝ ልሥራ?

እውነቱን ልንገርሽ፤ የማትሪኩ እንግሊዝኛ ምርጫ ነው፣ ኤሴይ አያስጽፍሽም። እዚህ የጻፍኩት አብዛኛው በቀጥታ ማርክ አያመጣልሽም። የሚጠቅምሽ ፓሴጁ ላይ ነው። «ከጽሑፉ ምን መረዳት ይቻላል?»፣ «የጸሐፊው አመለካከት ምንድን ነው?»፣ «ይህ ቃል በዚህ አንቀጽ ምን ማለት ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ሲመጡ ብዙ ልጆች ዓረፍተ ነገሩን ፓሴጁ ውስጥ እንዳለ ፈልገው ያጡና ይገምታሉ። መልሱ ግን ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ከሁለት ሦስት መስመር ተጠራቅሞ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ሁለቱንም ሥሪ፣ ግን እንዲህ፦ ያለፉትን ዓመታት ፈተና ስትሠሪ መልሱን ከመክበብሽ በፊት መልሱን ያገኘሽበትን መስመር በእርሳስ አስምሪ። ማስመር ካቃተሽ ገምተሻል ማለት ነው፤ ትክክል ቢሆንም ኤክስ አድርጊው። በየምሽቱ ደግሞ አንድ አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቢ፣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቺ እስከ መጨረሻው ሂጂ፣ የከበዱሽን ቃላት ከጨረስሽ በኋላ ብቻ ፈልጊ። ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምታገኚው አሮጌ መጽሐፍ ይበቃል። መጽሐፍ ካጣሽ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ከእኔ ጋር ያሉትን አውሼሻለሁ።