ጥያቄና መልስ፦ ሬዲዮው ከጤና ኬላው ቀድሞ ሲናገር

ጥያቄ፦ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ በሰጠን ሳምንታዊ 30 ደቂቃ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ መስኖ ልማት እናስተላልፋለን። ዓመት ሊሞላን ነው፤ ተጠቃሚው ግን አልጨመረም። በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ የጀመሩትም ቶሎ ያስወጣሉ። ምን ጎደለን? (ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ከስርጭቱ አንድ ሳምንት በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውሉና በእጇ ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠይቁ። ሬዲዮ ሰምታ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ «አልቋል» የተባለች እናት አትመለስም፤ ለጎረቤትም ትናገራለች። ያለውን ብቻ ያስተላልፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጤና ኬላውን ስም ጨምረው። የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ሴቲቱ ከቤት የምትወጣበት ምክንያት አላትና።

የማስወጣቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አስቀድሞ ካልተነገረ ነገር ነው። በክንድ የሚቀበረው ወር አበባን ያዛባል፤ ጠብ ጠብ ሊል፣ ሊረዝም ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። በእናንተ አካባቢ ይህ ቀላል አይደለም፤ ደም ያየች ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፣ ሙስሊሟም ስለ ሶላቷ ትጨነቃለች። በግልጽ ንገሯቸው፤ ደሙ ከበዛ ወይም ካልቆመ ወደ ጤና ኬላ ተመልሰው እንዲታዩም ጨምሩ። የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌውም በየ3 ወሩ የሚወሰድ ሲሆን ካቆሙት በኋላ ማርገዝ ሊዘገይ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። ይህ ሳይነገር ሲቀር «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ይነግሣል። ወሬውን ስታስተባብሉ እውነቱን አስቀድሙ፤ በወሬው ከጀመራችሁ የሚታወሰው ወሬው ነው።

አድማጩ ማን እንደሆነም ይወቁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአራት ሴቶች ሦስቱ ገደማ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ጋዜጣ አያገኙም ነበር። በብዙ ቤት ሬዲዮው በባል እጅ ነው። ስለዚህ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባልየውን አነጋግሩ፤ ለሴቶቹ ደግሞ በጤና ኬላው ከ15 እስከ 20 ሆነው የሚያዳምጡበትና የሚወያዩበት ቡድን አቋቁሙ።

መስኖውና ምጣኔው ሁለት የቢሮ ሪፖርት አይምሰሉ። ሁለት ጥማድ መሬት ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ጥማድ ይደርሰዋል። አንድ አባት ሽንኩርት መደቡ ላይ ቆሞ ይህን ሲያሰላ ቅረጹ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ቢላችሁ አትሟገቱት፤ ልጆችን አራርቆ ስለ መውለድ ጠይቁት፤ ከወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየት እንደሚመከርም ንገሩት።

ውጤቱን ለማወቅ አዲስ ለመጣች ሁሉ «ከየት ሰማሽ?» ተብላ መልሷ በመዝገቡ ጠርዝ ምልክት ይደረግበት፤ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ያሉትን 4 ሳምንታት አወዳድሩ። ጋዜጠኛ ስትጋብዙ ግን ወረፋ የያዙ ሴቶችን ፊት አታስቀርጹ፤ ከባሏ ተደብቃ የመጣች ልትኖር ትችላለች። ተናጋሪዋ ራሷ ፈቅዳ፣ ቀረጻው የት እንደሚተላለፍ አውቃ ብቻ ትቅረብ።