ክኒኑ ነው ወይስ ሕመሙ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ፒያሳ ነው። የ24 ዓመት ታናሽ እህቴ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ መልሶ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም) አለብሽ ከተባለች ዓመት ሆናት፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒንም ያኔውኑ ነው የጀመረችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ኩላሊቷ ተነክቷል ተብሎ በቀን 60 ሚሊግራም አደረጉላት። አሁን ሌሊት አትተኛም። ሰው ይጠራኛል ትላለች። ጎረቤት ቡናዬ ላይ መርዝ ጨመረብኝ ብላ ትጮኻለች። እናቴ «ክኒኑ ነው ያሳበዳት» ብላ አስጥላት ጸበል ልትወስዳት ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ክኒኑን እንዳታስጥሏት። ዓመት ሙሉ የወሰደችውን በአንድ ቀን ካቆመች ሰውነቷ ክኒኑ ሲተካለት የቆየውን ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ራሱ ቶሎ ማምረት ስለማይችል የደም ግፊቷ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች፤ ሉፐሱም ይነሳባታል።

እናትሽ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ፕሬድኒሶሎን በተለይ በቀን ከ40 ሚሊግራም ሲያልፍ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም መጠኑ በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ችግሩ ሉፐስ ራሱ አንጎል ሲነካም የሚታየው ይኸው መሆኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው፦ መድኃኒቱ የመከላከል አቅሟን ስለሚያዳክም ማጅራት ገትር ወይም የአንጎል ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ ጥቁር አንበሳ ቁልቁል ቅርባችሁ ነው። ክኒኖቿንና የምርመራ ወረቀቶቿን ያዙ። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ከነበራት ቀድማችሁ ተናገሩ። ደምና ሽንት ይታያል፣ ኤምአርአይ ሊታዘዝ ይችላል፣ ከጀርባዋም ውሃ ሊቀዱ ይችላሉ። ሽባ ያደርጋል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነውና አትፍሪ።

ክኒኑ ከሆነ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ሉፐሱ ከሆነ ግን እናትሽ ሊያስጥሉ ያሰቡት ዓይነት መድኃኒት ነው በብዛት የሚሰጣት፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ብዙ ጊዜ ለ3 ቀን በደም ሥር፣ ከዚያም የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም መሰሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ መውለድን ሊያስቸግር ስለሚችል ገና ሳይጀመር ጠይቁ፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው የጀመሩ ሴቶች ያሳዝኑኛል። የአእምሮ ሐኪምም ለጊዜው የሚያረጋጋት መድኃኒት ያዝላታል።

ጸበሉን አልከለክልም። ሐኪም ካያት በኋላ፣ መድኃኒቷን እየዋጠች ትሂድ፤ ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው። እስከዚያው መርዝ የለም ብላችሁ አትሟገቷት፣ ብቻዋንም አትተዋት።