ከካልቨርት ዳርቻ ላወጣሻቸው ጥርሶች ስም ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ «አሜሪካ ሜሪላንድ ካልቨርት ገደል ሥር ካለው አሸዋ በወንፊት ያወጣኋቸው ጥቃቅን ጥቁር የቅሪተ አካል ጥርሶች የዴቪል ሬይ (ማንታ ያለበት የጠፍጣፋ ዓሣ ቤተሰብ) ናቸው? ዝርያቸውስ ምንድን ነው?» ብለሽ ከነፎቶው ጠይቀሻል። እኔም የማነፋው እዚያው ዳርቻ ነው፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ጥርሱን ከላይ ብቻ አትዪው፣ በጎኑ አጋድሚው። ካውኖዝ ሬይ የተባለው ሌላ ጠፍጣፋ ዓሣ ቀንድ አውጣና ክላም (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) የሚሰባብር ስለሆነ ጥርሱ ወፍራም፣ ላዩም ጠፍጣፋ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1869 የሰየመው፣ ዛሬ የጠፋው ዴቪል ሬይ ፕሊንቲከስ ስቴኖዶን ግን አክሊሉ (ከሥሩ በላይ ያለው የጥርሱ ክፍል) ቀጭንና ረጅም ሆኖ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሦስተኛው ፎቶሽ ላይ ያለው ቁርጥ እሱን ነው። የሥሩ መሰነጣጠቅ በሁለቱም ስላለ በእሱ ብቻ አትወስኚ።

2. በአንዲት ጥርስ የዝርያ ስም አትጻፊ። ዴቪል ሬይ ምግቡን፣ ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የሚያጠልለው በስንጥቡ ነው። ጥርሱ ለምግብ ስለማያገለግለው ቅርጹ እንደልቡ ይለያያል፤ የወንዱ ከሴቷ፣ የመሃሉ ከዳሩ። የዛሬዎቹ ማንታዎች እንዲያውም ጥርስ ያላቸው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ከአንድ አፍ የወጡ ጥርሶች ሁለት ዝርያ ሊመስሉ ይችላሉ።

3. የተገኘበትን ቦታ ጻፊ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አንድ ሻጭ «የማንታ ጥርስ፣ ካልቨርት» ብሎ አንድ ብልቃጥ በውድ ሸጠልኝ። ውስጡ ዝቅ ያሉ፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው፣ በርንሃሚያ የተባለ የጠፋ ዴቪል ሬይ ጥርሶች ነበሩ። በርንሃሚያ በብዛት የሚገኘው ከኢዮሲን ዘመን ነው፤ የካልቨርት ገደል ደግሞ በሚሊዮኖች ዓመታት ከዚያ በኋላ የመጣው ሚዮሲን! ከየትም ያመጣውን ቀላቅሎ ነው የሰጠኝ። ብጽፍለት መልስ የለም። ብልቃጡን ወደ አንድ ተቋም ብወስደው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ገፍቶ መለሰልኝ። ቦታው ያልታወቀ ነገር አለመቀበላቸው ልክ ነው፤ ግን ሰው እንዲህ አይሸኝም። በኋላ ራሴ ያነፋሁትን፣ ቀኑንና የትኛው ገደል ሥር እንዳገኘሁት በየከረጢቱ ጽፌ ሄድኩ። ባለሙያዋ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ አየችልኝ። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ገደሉን ራሱን ግን እንዳትቆፍሪ። ክልክል ነው፤ ይናዳልም።

አሁን እያንዳንዱን ጥርስ ከላይ፣ ከጎንና ከሥሩ በኩል ፎቶ አንሺውና ከነማስመሪያው ለጥፊልን። ፎቶሽ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትንንሾች ለጊዜው «ሞቡላ» (የዴቪል ሬይ ወገን ስም) ብቻ በያቸው፤ የዝርያውን ቦታ ባዶ ተዪው።