«19» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ከግሩፑ ልውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ባኮ አጭሻለሁ። እሑድ እሑድ ማስቲካ አኝኬ፣ ሽቶ ነፍቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው። ከወር ተኩል በፊት ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉ ሐበሾች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። ሁላችንም በቅጽል ስም ነን። ማታ ማታ ሳናጨስ የዋልንበትን ቀን ቁጥር እንጽፋለን። በ19ኛው ቀን ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አንድ ለኮስኩ። ማታ ግን «19» ብዬ ጻፍኩ። አሁን 41 ደርሻለሁ፤ በመሃል አራት አምስት ቀን አጭሻለሁ። ሁሉም «ጀግና» ይሉኛል። አፈርኩ፣ ልውጣ? እዚያ መናገሬስ ለንስሐ ይቆጠርልኛል? የኒኮቲን ማስቲካ በጾም ሰዓት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትውጣ።

ሲጋራው ለጊዜው ይቆየን። እኔን የያዘችኝ ያቺ «19» ናት። ጭሱን ከምእመናን ለመደበቅ ሽቶ ስትነፋ ኖርክ። ያ ግሩፕ ያለ ሽቶ የምትገባበት ብቸኛው ቤት ነበር፤ እዚያም ይዘኸው ገባህ። ማጨስህ ድካም ነው። ቁጥሯ ግን ሌላ ሰውም ትነካለች። እስቲ አስበው፤ በ18ኛው ቀኑ የወደቀ አንድ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያንተን 41 ሲያይ «ደካማው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ስልኩን ያጠፋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ሲል፣ ለመሸከም መጀመሪያ ሸክሙ መታየት አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጻፍላቸው። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «19 ላይ አጭሼ ነበር፣ ከዚያም በኋላ፣ ዋሽቻችኋለሁ፣ ዛሬ 1 ነኝ» በቂ ነው። አንድ ሁለቱ ይቀየሙህ ይሆናል፤ ይቀየሙ። ሌሎች ሦስት ደግሞ «እኔም» ብለው እንደሚጽፉ እጠረጥራለሁ።

በዚያ ላይ የሠራኸውን አታቃልለው። በቀን ባኮ ይጨርስ የነበረ ሰው ከ41 ቀን 36ቱን ሳያጨስ ዋለ ማለት ነው። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች አብዛኞቹ ደጋግመው ሞክረው፣ ደጋግመው ወድቀው ነው ያቆሙት። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል፤ ምሳሌ 24፥16። አምሮቱም ቢሆን ሲመጣ ያንገበግባል እንጂ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ኤርፖርት ተራ ላይ ስትቆም እጅህን ወደ ኪስህ ሳይሆን ወደ ስልክህ ስደድ፤ «መጣብኝ» ብለህ ጻፍ። ግሩፑ የተሠራው ለዚያች ደቂቃ ነው።

ለንስሐ ግን አይቆጠርም። ኃጢአትን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የተሰጠው ለካህናት ነው፤ ዮሐንስ 20፥23ን አንብብ። በቅጽል ስም መጻፍህ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም ቅጽል እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ስለ ትዳርህ፣ ስለ ገንዘብህ፣ ስለ ሌላ ጉድህ እዚያ አትዘርግፍ። ስክሪንሾት የሚሉት ነገር አለ። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃሉ፤ ስልክ አይጠብቅም። ለመሆኑ የንስሐ አባትህ ማጨስህን ያውቃሉ? አልጻፍክልኝም። ዝም ማለትህ መልሱን ነገረኝ መሰለኝ።

ምናልባት ያሳፈረህ እነዚያ የድሮ ወሬዎች ይሆናሉ። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ በቀለ ሲባል አድገናል። አርዮስ የሞተው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ትምባሆ ደግሞ ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጫሽን ክፉኛ ይቀጡ ነበር። አሁን ለአንተ የሚጠቅምህ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ነው፤ ሰውነትህ ቤተ መቅደስ እንደሆነ የሚናገረው። እዚያው ከፍ ብሎ «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንም» ይላል። ሱስ ማለት የሠለጠነብህ ነገር ነው።

ወደ ማስቲካው። መድኃኒት ነው፤ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። አወሳሰዱን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያሳይህ። እንደ ተራ ማስቲካ ዝም ብለህ አታላምጠው፤ ጥቂት አኝከህ ሲያቃጥልህ በጉንጭህና በድድህ መሃል ታቆየዋለህ። ቡና ጠጥተህ ወዲያው አትጀምር፤ ኒኮቲኑ በደንብ አይሠርግም። ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ። በእኔ ሐሳብ ለጾም ሰዓትና ለቁርባን ዋዜማ የሚለጠፈው ይሻላል፤ አፍህ አይገባምና። ማስቲካውን ግን የንስሐ አባትህን ጠይቀህ እንጂ በራስህ አትወስን። ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በየመሃሉ ሲጋራውን የሚያጨስ ሰው አውቃለሁ፤ አንተም ሳታውቀው አትቀርም።

አሜሪካ ስላለህ 1-800-784-8669 ደውል፤ ሲጋራ ለማቆም በነፃ የሚያማክሩበት መስመር ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትህን አግኛቸው። ሽቶውን ሳትነፋ ሂድ፤ ሲሸታቸው ወሬውን መጀመር ይቀልሃል።