ልጅ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ጊዜ

ባለፈው መስከረም አብራኝ የምትሠራ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለችኝ። 28 ዓመቷ ነው። ካገባች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ማታ ማታ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትማራለች፤ ሥራዋን ለቃ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ መዞር ትፈልጋለች። አማቷ ደግሞ በየበዓሉ «የልጅ ልጄን ሳላይ ልሙት እንዴ?» ይሏታል። «የቱን ላስቀድም?» አለችኝ።

በአንድ ምሳ ሰዓት የሚያልቅ ጥያቄ አይደለም። እንደሷ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እኔ ዛሬ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ኮተቤ አካባቢ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ማስተማሩን እወደው ነበር። ያቃተኝ የወሩ መጨረሻ ነው። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ በብድር ነበር የምንኖረው። በ1992 ሰንጋ ተራ፣ ኮሜርስ፣ ለማታ አካውንቲንግ ተመዘገብኩ። የጠመኔው ብናኝ ከልብሴ ሳይረግፍ መገናኛ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ማታ ቤት ስገባ ደብተር ማረም ይጠብቀኛል። ሁለት ጊዜ ለማቋረጥ ወስኜ ነበር።

በ1995 ቫት ተጀመረ። በዓመት ከ500 ሺህ ብር በላይ የሚሸጥ ነጋዴ ተመዝግቦ 15 ከመቶ መሰብሰብ፣ ሂሳቡንም እየሠራ ማሳወቅ ግዴታው ሆነ። መዝገብ ይዞ የማያውቅ ነጋዴ ሁሉ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ ለአንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ መዝገብ መያዝ ጀመርኩ። ክፍያው ትንሽ ነበር። ግን ሥራውን ከመጽሐፍ ውጭ አየሁት። የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ ሙሉ ቀን መዋል ምን እንደሚመስል አወቅኩ። ወደድኩትም። ልጆቼ፣ የምትሄዱበትን ሥራ ደሞዛችሁን ሳትለቁ እንዲህ ቅመሱት። ኮርስ መጨረስና ሥራውን መሥራት ለየቅል ናቸው።

የኔ ጥፋት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በ1996 ክረምት ማስተማሩን ለቅቄ አንድ የግል ድርጅት ገባሁ። የሥራ ቅያሬው እንዳለቀ ቆጠርኩት። ያኔ የሙከራ ጊዜው 45 ቀን ነበር። በ40ኛው ቀን «አትመጪ» ተባልኩ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ፕሮጀክት ሲኖር ይከፈለዋል፣ ሲያልቅ ቤት ይቀመጣል። በዚያው ሰሞን የሱም ፕሮጀክት አልቆ ነበር።

አምስት ወር ሁለታችንም ያለ ደሞዝ ቆየን። ሽሮ በላን። አንዲቱን ክፍል ለሁለት ወር ኪራይ ሳንከፍል ኖርንባት፤ አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ወርቄን ሸጥኩ። አለፈ። ማታ ጎኔን ሳሳርፍ ግን የማስበው አንድ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ የደረሰው ልጅ ወልጄ በነበረ ጊዜ ቢሆንስ? ሁለት ትልልቅ ሰዎች አምስት ወር ሽሮ ቢበሉ ምንም አይሆኑም። የስምንት ወር ሕፃን ግን «ትንሽ ታገሰን» አይባልም።

«ልጅ በእድሉ ያድጋል» ይባላል። ይህን አባባል አልንቀውም። ወላጆቻችንን ያጽናና፣ እኛንም ያሳደገ ቃል ነው። ግን እነሱ ሲሉት ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት ልጁን አቅፎ ይውላል። እናንተ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት። የጎደለውን ሰው በገንዘብ ነው የምትተኩት፤ ሞግዚት ትቀጠራለች፣ ወይ አንዳችሁ ሥራ ትተዋላችሁ። መውለዱ ራሱ ያን ያህል አያስወጣም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትሉም፣ ወሊዱም፣ ክትባቱም ያለ ክፍያ ነው። ወጪው የሚጀምረው አራስ ጠያቂው ገንፎውን በልቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ የሰጠኋት መልስ «ሥራውን አስቀድሚ» የሚል ነው። ሀብታም እንድትሆን ብዬ አይደለም። ሥራ ስትቀይሩ ገቢያችሁ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ያን ዝቅታ ሁለት ሆናችሁ እለፉት ነው የምለው።

ስንት ሲኖረን ነው ረጋ አልን የምንለው? ሁሌ የምጠየቀው ይህንን ነው። በብር አትቁጠሩት። በወር ቁጠሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያኔ ለሚመጣው ልጅ ብለው ሲያስቀምጡ የነበሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። የብሩ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ዳይፐሩና የዱቄት ወተቱ ግን ጥለውት ሄዱ። «መቶ ሺህ አለን» የሚለው ምንም አይነግራችሁም። «ኪራይ፣ አስቤዛና ትራንስፖርት ከፍለን ስድስት ወር እንቆያለን» የሚለው ግን ይነግራችኋል። በየሦስት ወሩ እንደገና አስሉት።

እቁቡ ይቀጥል። ወለድ ባይኖረውም፣ ሰው ፊት የገባችሁት ቃል ስለሆነ እንደ ባንክ ደብተር እጅ አይገባበትም። ዕጣው ሲደርሳችሁ ግን ለሶፋ አይሁን።

ስለ አዲሱ ሥራም ልንገራችሁ። ዛሬ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ያ ሳያልቅ ቋሚ ሥራ አለኝ አትበሉ፣ ኪራይም ወደ ላይ አትቀይሩ። ከደሞዛችሁ 7 ከመቶ ለጡረታ መቆረጡን፣ አሠሪው ደግሞ የራሱን 11 ከመቶ መክፈሉን ጠይቁ። ለመጠየቅ አትፈሩ። ጡረታ የማይከፍል ቀጣሪ ዘንድ የተረጋጋ ሥራ የለም። እናት ለምትሆኑት፣ የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ነው። እኔ ስወልድ የኋላው 60 ቀን ብቻ ነበር፤ ጡቴ ወተት እያፈሰሰ ነው ቢሮ የተመለስኩት። በዚሁ አዋጅ አባት ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ባሎች የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚያ ጊዜ አቆዩት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ሆድሽ ሲገፋ ቤት ፍለጋ ከመዞር ያድናል።

አሁን ከብዶኝ የምጽፈው ነገር አለ። በ1997 ጥሩ ሥራ አገኘሁ። በ1998 ስድስት ወር የሚያቆይ ገንዘብ ነበረን። ያኔ መውለድ እንችል ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ያ አምስት ወር አልወጣልኝም። «ትንሽ ይጨመር» አልኩ፣ ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ «ትንሽ»። ባለቤቴ ዝም ይለኛል እንጂ ፊቱ ላይ አየው ነበር። ልጄን ስወልድ 36 ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ፈለግን፣ ሐኪም ዘንድ ተመላለስን፣ አልሆነም። ልጄ ብቻዋን አደገች። ዛሬም እህት ወይም ወንድም ስለሌላት ነገር ስታነሳ ድምፄ ይቀየራል። ስድስቱን ወር አጠራቅሙ ስላችሁ፣ ሲሞላ አቁሙ ማለቴም ነው። ቀኑን ዛሬ፣ ሁለታችሁ ባላችሁበት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ለዚያች ልጅ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋት። ሥራዋን ሳትለቅ ሦስት ወር በባሏ ደሞዝ ብቻ እንዲኖሩ፣ የሷ ሳይነካ ባንክ እንዲገባ። ስትለቅ የሚኖሩት እንደዚያ ነውና አሁኑኑ ይልመዱት። ከጥቅምት ጀመሩ። በመጀመሪያው ወር 25ኛው ቀን ላይ ገንዘቡ አለቀ። ከሷ ደሞዝ ወስደው ሞሉ፤ የወሰዱትንም ደብተር ላይ ጻፉ። በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ውጭ መብላቱን ተዉት፣ አስቤዛውን ከሱፐርማርኬት ወደ ሾላ ገበያ አዞሩት። ትናንት ደብተሩን ይዛልኝ መጣች። 320 ብር ተርፏቸዋል። ከቁጥሩ ሥር ባሏ በእስክሪብቶ ወራት ደርድሯል፤ ትምህርቷ የሚያልቅበትን፣ ሥራ የምትለቅበትን፣ ስድስቱ ወር የሚሞላበትን። መጨረሻ ላይ አንድ ወር አክብቦበታል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም ፈገግ ብላ ደብተሩን ዘጋችው።