ከመስታወቱ ፊት ወደ ውድድር ለምትመለሱ

ከአራት ወር በፊት አንድ ልጅ ስኳት ጨርሶ እያለከለከ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውነት ስሠራ ነው የቆየሁት። አሁን ወደ ፓወርሊፍቲንግ ውድድር ልመለስ ነው። ያንን ፕሮግራም ልጣለው?» አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ ለረጅም ዓመታት ሰው ሳሠለጥን ይህን ጥያቄ ብዙ ወጣት ጠይቆኛል። ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

አትጣሉት። ጉልበት የሚወጣው ከጡንቻ ነው፤ የሦስት ዓመት ልፋት ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ጡንቻ ስላላችሁ ብቻ መድረክ ላይ ብረቱ አይነሳላችሁም። የፓወርሊፍቲንግ ሦስቱ እንቅስቃሴዎች፣ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች (ተኝቶ ብረት ከደረት መግፋት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ሙያ ናቸው። ሙያ ደግሞ ሲተዉት ይሸሻል።

እኔ ይህን ያወቅኩት ተጎድቼ ነው። በ43 ዓመቴ፣ ከ40 እስከ 49 ባሉት አንጋፋዎች ምድብ ተመዝግቤ ተመለስኩ። ደረቴ ከወጣትነቴ ይልቅ ሰፍቶ ነበር። ቤንች ላይ በ120 ኪሎ ጀመርኩ፤ ጂም ውስጥ ስምንት ጊዜ የምገፋው ክብደት ነው። ብረቱ ደረቴን እንደነካ የዳኛውን «ፕሬስ» ሳልጠብቅ ገፋሁት። ቀይ መብራት በራ፤ ሙከራው አልተቆጠረም። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ለዓመታት ብረቱን ደረቱ ላይ ሳያቆም የመለሰ እጅ በአንድ ቀን አይታዘዝም። በሦስተኛው ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ ተነሳልኝ። ለአንድ እንቅስቃሴ ያለው ሙከራ ሦስት ብቻ ስለሆነ፣ ያም ቢበላሽ ኖሮ ከድምር ውጤት ወጥቼ የስኳቱን ልፋት ውሃ ይበላው ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቤንች ስትሠሩ ብረቱን ደረታችሁ ላይ አቁሙት። ጓደኛችሁ እንደ ዳኛ ይዘዛችሁ። ስኳት ላይ «ስኳት» እስኪባል ቁሙ፣ ስትጨርሱም «ራክ» እስኪባል ጠብቁ። ዴድሊፍት ላይ «ዳውን» ሳይባል አታውርዱ። የስኳት ጥልቀታችሁን ደግሞ በመስታወት አትመኑ። ስልካችሁን በጎን፣ ዳሌ ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ። የዳሌ መታጠፊያችሁ ከጉልበታችሁ አናት በታች መውረድ አለበት።

ለልጁ 16 ሳምንት ነበረን። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ፕሮግራሙን ብዙም አልነካነውም። ሦስቱን የውድድር እንቅስቃሴዎች ብቻ ገና ሰውነቱ ሳይደክም ወደሚሠራበት ቦታ፣ ወደ መጀመሪያ አመጣናቸው። ድግግሞሹን ከ10 ወደ 6 አወረድን። በዙሮች መካከል ያለው ዕረፍት ከአንድ ደቂቃ ወደ ሦስት፣ አንዳንዴም ወደ አምስት ከፍ አለ። ላብ ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል፤ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ተቀመጡ። ዕረፍቱም ሥራ ነው።

በቀጣዮቹ ስድስት ሳምንታት ከ3 እስከ 5 ድግግሞሽ ሠራን። ሌግ ፕሬሱን (የእግር መግፊያ ማሽኑን) እና የትከሻ ማሽኑን መቀነስ የጀመርነው ያኔ ነው። የጀርባ ሥራን ግን አልነካንም፤ ቤንች ስትሠሩ የምትተኙት ጀርባችሁ ላይ ነው። በመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት ከ1 እስከ 3 ድግግሞሽ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀለል ያለ።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። 100 ኪሎ 10 ጊዜ ስኳት የሠራ ሰው፣ ክብደቱን በድግግሞሹ አባዝቶ ለ30 የሚያካፍለውና መነሻው ላይ የሚደምረው የታወቀ ቀመር 133 ኪሎ አንድ ጊዜ ያነሳል ይለዋል። ረጅም ዙር ለለመደ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይጋነናል። እኔ 90 በመቶውን፣ 120 ኪሎን፣ መነሻ አደርጋለሁ። ስንት ድግግሞሽ እንደሚበቃ ስታስቡ የሶቪየቱ የክብደት ማንሳት አሠልጣኝ ፕሪሌፒን ያወጣው ሠንጠረዥ ይረዳችኋል። ከአቅማችሁ ከ80 እስከ 90 በመቶ ስታነሱ በዙር ከ2 እስከ 4 ድግግሞሽ፣ በአንድ ቀን ልምምድ በጠቅላላው 15 ያህል። ከ90 በላይ ሲሆን በጠቅላላው 7 ያህል። ሠንጠረዡ ለኦሎምፒክ ክብደት አንሺዎች የተሠራ ነው፤ ለእኛም ግን ጥሩ ልጓም ነው።

አንድም መድገም እስኪያቅታችሁ መሥራትንም ለባይሴፕስ፣ ለክንድ ጡንቻ፣ ተዉት። በሦስቱ ላይ ሁሌም ሁለት ድግግሞሽ አስተርፉ። ይህን አጥብቄ የምለው በጅማት ምክንያት ነው። ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠነክርም። ጡንቻችሁ «እችላለሁ» ይላችኋል፣ ክርናችሁና ዳሌያችሁ ግን ገና አልደረሱም። በሳምንት 2.5 ወይም 5 ኪሎ መጨመር በቂ ነው። ክርናቸውን ታመው ስድስት ወር የተቀመጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ዴድሊፍት ላይ እጃችሁን ከብረቱ ጋር የሚያስረውን ማሰሪያም አውልቁ። ውድድር ላይ አይፈቀድም። በማሰሪያ 180 ኪሎ የሚያነሳ ሰው ባዶ እጁን በ160 ጣቱ ሲከፈት ያያል። ከማሟሟቂያው ዙር ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከአሁኑ በኪሎ ማሰብ ልመዱ። 315 ፓውንድ 143 ኪሎ ገደማ ነው። የውድድር ብረት 20 ኪሎ ሲሆን መቆለፊያዎቹ እያንዳንዳቸው 2.5 ናቸው፤ ስለዚህ ባዶው 25 ነው።

ለመመለሻ ውድድራችሁ የሰውነት ኪሎ አትቀንሱ። 83 ከሆናችሁ በ83 ተወዳደሩ። በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ደንብ የተወዳዳሪዎች ሚዛን የሚጀመረው ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ኪሎ ለመቀነስ ከሰውነት የጠፋ ውሃ በዚያ ጊዜ አይመለስም። የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ፣ እኔም እጾማለሁ፣ ከባዶቹን ሳምንታት ከፋሲካ በኋላ አድርጓቸው። በሁዳዴ 55 ቀናት ምስሩን፣ ሽሮውንና ባቄላውን በርከት አድርጋችሁ ብሉ፤ ያላችሁን ጉልበት ጠብቁ እንጂ አዲስ አትፈልጉ።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ፣ እንቅልፍ ባጣችሁበት ቀን እንኳ ሦስት ጊዜ የምታነሱት ክብደት ይሁን። ክብደት መጨመር ይቻላል፣ ወደ ኋላ መመለስ ግን አይቻልም።

ያ ልጅ የሚወዳደረው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ትናንት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። የስኳት መጀመሪያዬ 150 ይሁን አለኝ። 140 አልኩት። ብዙ ተከራከረኝ። 142.5 ላይ ተስማማን።