መንገዱ ጠበበ ወይስ መኪናው ረዘመ? ጥያቄና መልስ

ስለ መንገድ ስፋትና ስለ እሳት አደጋ መኪና ከጻፍኩ ወዲህ መልእክት ይጎርፍልኛል። ግማሹ «መንገዱን አስፉልን፣ ቤታችን ተቃጥሎ ማለቁ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «በሰፋው መንገድ ላይ መኪና እየበረረ ልጅ ማውጣት አቃተን» ይላል። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

«በራችን ላይ ያለው መንገድ 6 ሜትር ነው። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ መግባት አቅቶት ተመለሰ። ወርዱ ስንት ቢሆን ነው?»

የመኪናው ወርድ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፖኪዮው ሲጨመር ትንሽ ይሰፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ለማለፍ ብቻ ከሆነ 3 ሜትር ይበቃዋል፤ የጀርመን መለኪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እሳቱ ዘንድ ደርሶ ለመሥራት ግን በር መክፈት፣ ቱቦ መዘርጋት፣ በመኪናው ዙሪያ መሯሯጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የእንግሊዝ የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ለዚህ 3.7 ሜትር ይላል፤ እስከዚያ ለሚያደርሰው መንገድ ግን ለአጭር ርቀት ወደ 2.75 ሜትር መጥበብን ይፈቅዳል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት የእሳት ደንብ 6.1 ሜትር ይጠይቃል፤ ዋናው ቃል ግን «ምንም ያልቆመበት» የሚለው ነው።

እንግዲህ ከአሜሪካው ደንብ በጥቂት ቢያንስም የእርስዎ 6 ሜትር በቂ ነበር። በግራና በቀኝ መኪና ከቆመበት ግን እያንዳንዱ 2 ሜትር ይወስድና መሐል ላይ የሚቀረው 2 ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ቢቆም 4 ሜትር ይተርፋል፣ መኪናውም ይገባል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ የቆመውን መኪና መናገር ፈርተን መንገዱን እናማለን።

«የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ኩርባ ላይ ፊቴን አስተካክዬ አልፋለሁ፣ የኋላ ጎማዬ ግን የእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመንገዱ?»

ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። የኋላ ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ነው የሚሄደው። በፊትና በኋላ አክሰል (የጎማዎቹ ዘንግ) መካከል 5 ሜትር ያለው መኪና የውጪ ፊት ጎማው 9 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ቢዞር፣ በዚያው ወገን ያለው የኋላ ጎማ የሚዞረው በ7.5 ሜትር ገደማ ነው። 1.5 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በአክሰሎቹ መካከል 6.5 ሜትር ካለ ደግሞ በዚያው ኩርባ ላይ 2.8 ሜትር ያህል ይቆርጣል። ለዚህ ነው ቀጥ ባለው ላይ 3 ሜትር የሚለው የጀርመን መለኪያ የውጪ ራዲየሱ 10.5 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 5 ሜትር ወርድ የሚጠይቀው። በተቃራኒው ወገን ደግሞ ከኋላ አክሰል አልፎ የተንጠለጠለው የመኪናው ጭራ ወደ ውጪ ይወረወራል። የቆመ መኪና የሚላጨውም፣ ጥግ ላይ የቆመ እግረኛ የሚገፋውም እሱ ነው። ባለ መሰላሉ መኪና ላይ ከፊት የሚወጣው የመሰላሉ ጫፍም አለ።

ታዲያ ኩርባውን እናስፋው? ብዙ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። የሰፋ ኩርባ ግን ትንሹ መኪና ፍሬን ሳይነካ እንዲታጠፍ ያደርጋል፣ ለሚሻገረው ሰውም ርቀቱ ይረዝማል። ትልቁ መኪና አልፎ አልፎ ለሚመጣበት ጉዳይ እግረኛው በየቀኑ ይከፍላል።

የተሻለው መንገድ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ከመታጠፊያው ጥቂት ሜትር ድረስ መኪና እንዳይቆም መከልከል፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ሳይነካ መዞሪያው ይሰፋል። ሁለተኛ፣ በሚገባበት መንገድ ላይ ተራ የሚጠብቁ መኪኖች የሚቆሙበትን መስመር ወደ ኋላ መሳብ፤ ያኔ የአደጋ መኪናው የተቃራኒውን መስመር ተውሶ ይታጠፋል። በየቀኑ የሚያልፈው አውቶቡስ በመስመሩ ውስጥ መታጠፍ መቻል አለበት፤ ሳይረን እያሰማ የሚመጣው ግን መሐል መስመር ቢያልፍ ምንም አይደለም። ሦስተኛ፣ ጥጉን ጎማ ሊወጣበት በሚችል ዝቅ ባለ ንጣፍ መሥራት። ትንሹ መኪና ሻካራውን ሸሽቶ በጠባቡ ይዞራል፣ ትልቁ ወጥቶበት ያልፋል። እግረኛ የሚቆምበት ቦታ ግን ከዚያ ንጣፍ ጀርባ መሆን አለበት፣ ይህ ሲዘነጋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ እርስዎ ስመለስ፦ ድንጋይ ላይ የወጡት ዘግይተው ባለመታጠፍዎ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ቦታ አጥተው ከሆነ የመንገዱ ነው።

«በአምቡላንስ ሕመምተኛ ይዘን ስንሄድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ጨረሰን። ለምን አይነሱም?»

ሕመሙ ይገባኛል። ጊዜም ይበላል፤ ፖርትላንድ የተባለችው የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ልኬት አንድ ጉብታ የእሳት አደጋ መኪናን እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ፍጥነቱ እስከ 9 ሰከንድ ገደማ ያዘገያል። ስድስት ጉብታ በተደረደረበት መንገድ ወደ አንድ ደቂቃ ሊጠጋ ነው።

ይሁንና ጉብታው የተሠራው ሰው እንዳይገጭ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ማንሳት መልስ አይሆንም። ከጣቢያው በሚወጣው ዋና መስመር ላይ ጉብታ አይኑር፤ የውስጥ ለውስጡ ላይ ይቆይ። ሌላው ዘዴ ጉብታውን በአግድም ቆራርጦ እንደ ትራስ መሥራት ነው፤ የትልቁ መኪና ጎማዎች ትራሱን በመሐላቸው ያልፉታል፣ የቤት መኪና ግን አንዱ ጎማው መውጣቱ አይቀርም። የእርስዎ አምቡላንስ በሚኒባስ ላይ የተሠራ ከሆነ ግን እዚህም አይተርፍም፣ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ነው።

«አደባባይ ሲሠራ ትልቅ መኪና አያዞርም ብለን ተቃወምን። ተሳስተናል?»

ግማሽ በግማሽ። የመሐሉ ክብ ዙሪያ ጎማ የሚወጣበት ዝቅ ያለ ንጣፍ ካለው ያዞራል። መሐሉ ላይ ረጅም ድንጋይና ሐውልት ከተተከለ እናንተ ልክ ናችሁ።

«ሰፊ መንገድ ለእሳት አደጋም ለሁሉም ደህና አይደለም እንዴ?»

አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ሎንግሞንት በተባለች ከተማ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የአደጋ መዝገቦች ሲመረመሩ፣ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ሰው የሚጎዳበት ግጭት እየበዛ ተገኝቷል። መንገድ ሲሰፋ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። በሌላ በኩል መኪናውን ከመንገዱ ጋር ማስማማትም ይቻላል፤ ሳን ፍራንሲስኮ አጠር ያሉና በጠባብ የሚዞሩ የእሳት አደጋ መኪኖች ገዝታለች። የእሳት አደጋ ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን እንደሚያጨልሙ አውቃለሁ፤ ትንሽ መኪና የሚይዘው ውኃና ዕቃም ያንሳልና።

«ሳይረን ስሰማ ወዲያው ባለሁበት ቀጥ እላለሁ። ትክክል ነኝ?»

ጠባብ ቦታና መታጠፊያ ላይ ከሆኑ አይደሉም፤ መንገዱን ዘጉት ማለት ነው። ቀስ ብለው እስከሚሰፋው ድረስ ይንዱና ጥግ ይያዙ። ጀርመኖች ከአንድ በላይ መስመር ባለው አውራ ጎዳና ላይ ሰልፉ ገና ሲንቀራፈፍ የግራው መስመር ወደ ግራ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ሳይረን እስኪሰማ አይጠብቁም።

«የምንኖረው አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። መሰላሉ ይደርሰናል?»

የመሰላሉ ርዝመት ብዙ ጊዜ ችግር አይደለም። መሰላሉ ከመዘርጋቱ በፊት መኪናው እንዳይገለበጥ ግራና ቀኝ እግሩን ያወጣል፣ ያ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ደንብ ከፍታቸው 9 ሜትር ገደማ በሚያልፍ ሕንፃዎች አጠገብ 7.9 ሜትር የመንገድ ወርድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሜትር ይዘው ይውጡ፤ በሕንፃው ፊት ስንት ሜትር ክፍት እንዳለ ይለኩ። ከዚያ ቀና ብለው መሰላሉ በሚነሳበት አቅጣጫ የመብራት ሽቦ ወይም ትልቅ ዛፍ መኖሩን ይዩ። ካለ ለሕንፃው አስተዳደር ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ሽቦ ማዛወር ወራት ይፈጃል።